የቆየ የቃጠሎ ጠባሳን በፕላስቲክ ሰርጀሪ ማስተካከል ድካሙን የሚያካክስ ጥቅም አለው ወይ?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ዓመት ሲሆን የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጓዳ ከነበረው የላምባ ምድጃ የተነሣ እሳት ቀሚሴን ይዞት ከአገጬ ሥር ጀምሮ የአንገቴ ፊትና ግራ ጎን እንዲሁም የደረቴ የላይኛው ክፍል ተቃጠለ። ሆስፒታል ሁለት ወር ያህል ተኝቼ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ትሞታለች ተብሎ የተለቀሰላት ልጅ መትረፏ ራሱ ትልቅ ነገር ስለ ነበር ከዚያ ወዲያ የጠባሳውን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ነጠላ አንገቴ ላይ እየጠመጠምኩ አደግኩ።

ነገሩን እንደ አዲስ የቀሰቀሰብኝ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ነው። ፎቶ የሚያነሣው ወጣት «እኅት፣ ትንሽ ቀና በይ» አለኝ፤ ቀና አልኩ። «አገጭሽን ከፍ አድርጊው እንጂ» ብሎ ደገመ። ከዚህ በላይ እንደማይነሣ ልነግረው ስል ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ዝም ብለው ያዩኝ ነበርና ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ በመጨረሻ ከወገቤ ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ የወንበሩን መደገፊያ ተንተርሼ ተነሣሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ያንን ዓይነት መለጠጥ ቀኑን ሙሉ እንደምሠራው ተገነዘብኩ። በጠርሙስ ውኃ የምጠጣው ከወገቤ ወደ ኋላ ታጥፌ ነው። መንገድ ስሻገር ግራ ቀኝ የማየው በአንገቴ ሳይሆን በትከሻዬ ነው። የዐይን ጠብታ ያለ ሰው እርዳታ አይገባልኝም፣ የታችኛው ከንፈሬ ወደ ታች ስለሚሳብ ሳልናገር ስቀመጥ አፌ በደንብ አይገጥምም፣ የወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ደግሞ ከማጅራቴ የሚነሣው ሕመም እስከ ግንባሬ ይደርሳል።

ለቤተ ሰቤ ሐሳቡን ሳማክር የተሰጠኝ መልስ ልዩ ልዩ ነው። እናቴ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የሚለውን ስትሰማ አንገቴ ውስጥ ፕላስቲክ የሚከቱብኝ መስሏት ደነገጠች። ታላቅ ወንድሜ «ለውበት ተብሎ ጤነኛ ሰው ሰመመን አይወስድም» ይላል። አክስቴ ደግሞ እግዚአብሔር ያተረፈውን አካል እንደ ገና ማስቆረጥ ምስጋና ቢስነት ነው ባይ ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በበኩሏ በቴሌግራም ያገኘችውን የአንድ የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ ልካልኛለች፤ ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሴቶች ግን አንዳቸውም የተቃጠሉ አይመስሉም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ጠባሳ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል? ቢስተካከልስ የሚገኘው ጥቅም ከሰመመኑ፣ ከሕመሙና ከሥራ ከምቀርበት ጊዜ ጋር ሲመዘን ይበልጣል? እውነቱን ለመናገር አንገቴ እንዲዞር ብቻ ሳይሆን መልኬም እንዲሻል እፈልጋለሁ፤ ይህን ማለት ለምን እንደሚያሳፍረኝ ግን አላውቅም። ያለፈበት ወይም ሙያው የሆነ ሰው ቢመልስልኝ አመሰግናለሁ።

ሲስተር ከስድስት ኪሎ፦

እኅቴ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ውስጥ በነርስነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ ዛሬ በሌላ ክፍል ብሠራም የነገርሽን ዓይነት አንገት ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሐኪም አይቶሽ የሚነግርሽን እኔ በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ግን ላስረዳሽ።

ያለብሽ ነገር በሙያው ኮንትራክቸር ይባላል። ጥልቅ ቃጠሎ በራሱ እንዲድን ሲተው ሰውነት ቀዳዳውን የሚዘጋው ከዳር ከዳር ያለውን ቆዳ እየሳበ ነው፤ እንደ አንገት፣ ብብትና ክርን ባለ የሚታጠፍ ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ታማሚው ሕመሙን ለመሸሽ አጥፎት ስለሚተኛ ጠባሳው በታጠፈበት ይደርቃል። በዚያ ላይ አንቺ ልጅ ነበርሽ። ልጅ ያድጋል፣ ጠባሳ ግን እንደ ጤነኛ ቆዳ አብሮ አያድግም፤ ስለዚህ በስድስት ዓመትሽ ትንሽ ያጠበበሽ ነገር በሃያ ዓመትሽ ከንፈርሽን ወደ ታች መጎተቱ አያስገርምም፤ የታችኛው መንጋጋና የጥርስ አቀማመጥ ሳይቀር የሚዛነፍባቸው አሉ። ወንድምሽ «ለውበት» ያለውን ነገር በዚህ ዐይን እንዲያየው ንገሪው። የፕላስቲክ ሰርጀሪ ትልቁ ሥራ በቃጠሎ፣ በአደጋ፣ በካንሰርና በተፈጥሮ ጉድለት የተበላሸውን አካል መልሶ መሥራት ነው፤ የከንፈር መሰንጠቅ ያለበት ሕፃን የሚታከመው፣ ጡቷ በካንሰር ምክንያት የተወገደ ሴት ጡቷ መልሶ የሚሠራላት በዚሁ ሙያ ነው።

ለእናትሽም አንድ ቃል አለኝ። ስያሜው «ቅርጽ መስጠት» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ዕቃ ከመፈልሰፉ በፊት የነበረ ነው። አንገትሽ ውስጥ የሚገባው የራስሽ ቆዳ ነው።

አሠራሩን በቀላሉ ልግለጽልሽ። ሐኪሙ የተኮማተረውን ጠባሳ አግድም ሲቆርጠው ሁለቱ ጠርዞች ይራራቃሉ፤ መጀመሪያ ያየ ሰው «ይህ ሁሉ ቁስል ከየት መጣ?» እስኪል ድረስ ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት ለዓመታት የጎደለብሽ ቆዳ ልክ ነው። ከዚያ መሸፈን አለበት። ጠባሳው እንደ ገመድ ቀጭን ሆኖ ከግራና ከቀኙ ጤነኛ ቆዳ ካለ፣ በላቲኑ የዜድ ፊደል ቅርጽ ተቆርጦ ቆዳው ቦታ እየተለዋወጠ ይሰፋል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ሰፊ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጭንሽ ስስ ቆዳ ተልጦ ይተከላል፣ ወይም ከአጠገቡ ያለ ወፍራም ቆዳ ከነደም ሥሩ ተነሥቶ ይዞርበታል። የተተከለው ስስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ደም ሥር የሚዘረጋለት። ስለዚህ ከሥሩ ደም ከቋጠረ ወይም ቦታው ከተንቀሳቀሰ ይሞታል። በክፍላችን የመጀመሪያው ፋሻ በአምስተኛው ቀን ገደማ ሲፈታ ታማሚዋም እኛም እኩል ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።

የሰመመኑን ነገር አቃለሽ እንዳታይው፣ እንዳትፈሪውም። አንገት ካልቀና የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያስቸግራልና የሰመመን ባለሙያው አስቀድሞ አንገትሽንና የአፍሽን አከፋፈት ማየት አለበት። አንዳንድ ጊዜ ጠባሳው በቦታ ማደንዘዣ መጀመሪያ ይለቀቅና አንገቱ ከቀና በኋላ ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። «እንደ ማንኛውም ኦፕሬሽን ነው» ብሎ የሚያልፍሽ ቦታ ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ሂጂ።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ፤ የኦፕሬሽኑ ቀን ከድካሙ ትንሹ ነው። የተተከለ ስስ ቆዳ ለወራት መልሶ መኮማተር ይፈልጋል፤ ያንን የሚከለክለው ሌሊትም ቀንም የሚታሰር የአንገት ድጋፍ፣ ያለማቋረጥ የሚደረግ ፊዚዮቴራፒ፣ ማሸትና ቅባት ነው። ትራስ ይቀራል፤ ከትከሻሽ ሥር ጥቅልል ፎጣ አድርገሽ አንገትሽን ወደ ኋላ ለቀሽ ትተኛለሽ። ይህ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። አንገቷ ቆንጆ ሆኖ ከወጣላት በኋላ «ሞቀኝ» ብላ ድጋፉን በሁለተኛው ወር አውልቃ ጥላ፣ በዓመቱ አንገቷ እንደ ገና ተጎትቶ የመጣች ልጅ አስታምሜያለሁ። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። ቆዳው የተላጠበት ጭን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንገቱ ይልቅ ያማል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል።

ጠባሳ አይጠፋም። የሚሆነው አንዱ ጠባሳ በተሻለ ጠባሳ መለወጡ ነው፤ የተተከለው ቆዳ ከአንገትሽ ቀለም ጠቆር ብሎ ሊቀር ይችላል፣ ፀሐይም ያባብሰዋል። ይህን ሰምተሽ «ቢሆንም ይሁን» ካልሽ ዝግጁ ነሽ።

ሌላው ምግብ ነው። ደም ማነስ ካለብሽና ሰውነትሽ ከተጎዳ ቆዳው መያዝ ይቸግረዋል። ሁዳዴ ውስጥ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት እነርሱ ያውቃሉ። ባቄላ፣ ምስርና ሽሮም ቢሆን በደንብ ብዪ። ደግሞ ጠባሳው ላይ ለወራት የማይድን ቁስል ካለ ዛሬውኑ ታዪ፤ በቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊነሣ ስለሚችል ናሙና መወሰድ አለበት።

ሕክምናው እዚሁ አዲስ አበባ አለ። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ የታወቀ ነው፤ በጥቁር አንበሳና በአለርትም ይሰጣል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ስታጽፊ ወረቀቱ ላይ «የቆየ ጠባሳ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍልሽ። አንገቷ እንደማይቀና፣ ከንፈሯ እንደሚሳብ፣ አፏ እንደማይገጥም ይጻፍ፤ ካርዱን የሚያየው ሰው ለውበት የመጣሽ አድርጎ ወደ ኋላ እንዳይገፋሽ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ሲስተር የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አክስትሽ ላሉት ነገር ግን አንድ የማውቀው ታሪክ ስላለኝ ልጻፍ።

የእናቴ ወንድም የሥጋ ደዌ ታማሚ ነበርና ዘነበወርቅ ይኖር ነበር። በሽታው በመድኃኒት ከዳነለት በኋላም የእጁ ጣቶች እንደ ጥፍር ተቆልምመው ቀሩ፤ አንዱ ዐይኑም አይከደንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው በአለርት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ያደረጉለት ነገር ያን ጊዜ ተረት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከአንድ ሐኪም ጠይቄ እንደ ተረዳሁት ጤነኛ ሆኖ የቀረውን የአንድ ጡንቻ ጅማት አዙረው ሥራ ባቆመው ቦታ ተክተውለት ነው። ለዐይኑም እንዲሁ፣ ለማኘክ ከሚያገለግለው፣ ከጆሮ በላይ በግንባር ጎን ካለው ጡንቻ ከፍለው ወደ ዐይን ቆቡ ስለ ሳቡለት ጥርሱን ሲነክስ ዐይኑ ይከደናል። ስለዚህ አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ እንኳ ማስቲካ ያኝክ ነበር፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው «ሽማግሌው ምን ነካቸው?» ይል ነበር፣ እርሱ ግን ዐይኑን ከአቧራ እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን የመጀመሪያ ነገር አልረሳውም። እኔ ፊት ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፈ፣ ፈታው፣ እንደ ገና ቆለፈው። እግዚአብሔር ያተረፈውን አካል ማሠራት ምስጋና ቢስነት ነው የሚሉት አክስትሽ ያንን ቢያዩ ኖሮ ሌላ ነገር ይሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕክምናው ራሱም ቢሆን የዘመኑ ሰው የቅንጦት ፈጠራ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት በህንድ የተቆረጠ አፍንጫ ከጉንጭ በተነሣ ቆዳ ይሠራ እንደ ነበር ሱሽሩታ በሚባለው ጥንታዊ ሐኪም ስም የሚጠራው ጽሑፍ ያስረዳል፤ የዘመናዊው ሙያ መሠረት የተጣለው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ከ1917 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል በጠገነው በኒው ዚላንዳዊው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከወንድምሽ ጋር እስማማለሁ። ምንም ያልጎደላቸው ወጣቶች በስልካቸው ያዩትን አፍንጫና ዳሌ ፍለጋ ባሕር ሲሻገሩ ማየት ያሳዝነኛል። የአንቺ ነገር ከዚያ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ነው ግራ የሚያጋባው።

የሁለት ልጆች እናት፦

መምህር፣ ባሕር ከተሻገሩት አንዷ እኔ ነኝ፤ ቢያዝኑብኝም ምክንያቴን ልንገርዎ። ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ በኋላ የሆዴ ጡንቻዎች ከመኻል ተለያይተው፣ ቆዳዬም ተንጠልጥሎ ነበር፤ በሙቀት ወራት ከእጥፋቱ ሥር እየቆሰለ ይሸታል፣ ወገቤንም ያመኝ ነበር። ይህ «ምንም ያልጎደለው» የሚባል አይመስለኝም፤ ግን ደግሞ በመስተዋት ፊት ማልቀሴንም አልክድም። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ።

ለእኅቴ ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ ባልደረባሽ ማስታወቂያ ነው። እኔም እንዲሁ በቴሌግራም አግኝቼ በዋጋው ተማርኬ ነው የሄድኩት፤ አገሩንም ክሊኒኩንም አልጠራም። ሐኪሙን ያየሁት በኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በፊት የምጻጻፈው ከሻጭ ጋር ነበር። በስድስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ከትልቅ ኦፕሬሽን በኋላ ለሰዓታት ተቀምጦ መብረር እግር ላይ ደም እንዲረጋ እንደሚያደርግ፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደም እንደሚገድል የነገረኝ አልነበረም፤ እኔ በዕድሌ ተረፍኩ። ቤቴ በገባሁ በአራተኛው ቀን ከስፌቱ ሥር ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ጋ ስሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ነበር የተደረገልሽ?» ነው፤ የያዝኩት ደግሞ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ። የሌላውን ሰው ሥራ ሳያውቁ መክፈት ስለሚከብዳቸው አይፈረድባቸውም። ሁለት ወር ቁስል ሳሳጥብ ከረምኩ፤ በዋጋው ያተረፍኩት ገንዘብ ለፋሻና ለአንቲባዮቲክ ሄደ።

ዛሬ ተጸጽተሻል ወይ ብባል፣ በኦፕሬሽኑ አልተጸጸትኩም፤ ወገቤ ተሽሎኛል፣ ቁስሉም ጠፍቷል። የተጸጸትኩት ከኦፕሬሽኑ በኋላ የሚያየኝ ሰው በሌለበት ቦታ በመሠራቴ ነው። የአንቺ ደግሞ ሲስተር እንዳሉት ስድስት ወር ክትትል የሚፈልግ ነገር ነው፤ የምትሠሪበት ከተማ የምትመላለሺበት ከተማ ይሁን። ያ ማስታወቂያ ዳሌ ማተለቅንም የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ባልደረባሽን አስጠንቅቂልኝ፤ ስብ በመርፌ ወደ መቀመጫ ሲገባ ወደ ጡንቻው ከዘለቀና ትልቅ የደም ሥር ካገኘ ሳንባ ዘግቶ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የሙያው ሰዎች ጥናት በዚህ ምክንያት የሚሞተው ሰው ከ3,000 አንድ ገደማ ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር።

የካዛንቺስ ልጅ፦

ሁላችሁም ነገሩን ከጤና ጋር ለማያያዝ ስትደክሙ አያለሁ። ጠያቂዋ «መልኬም እንዲሻል እፈልጋለሁ» ብላለች፤ ያንን ቃል ማንም አላነሣላትም። ሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው ፊቱን ሲያዞርበት የሚሰማውን ስሜት የማያውቅ ነው «ለውበት ብቻ» የሚለው። እኔ አውቀዋለሁ።

ቢሆንም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አገጬ ሥር ጢም በተላጨሁበት ቦታ ኬሎይድ ወጥቶብኝ ነበር፤ ከፍ ብሎ የሚያብጥና የሚያሳክክ ጠባሳ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ በሃያ ደቂቃ ቆርጦ ሰፍቶ ሸኘኝ፤ በዓመቱ ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። ሁለተኛ አስቆረጥኩት፣ ይባስ ብሎ ተመለሰ። በኋላ ያገኘሁት ሐኪም የነገረኝ ኬሎይድ ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ እንደሚመለስ፣ ከመቁረጡ ጋር የስቴሮይድ መርፌ ወይም ሌላ ተጨማሪ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነው። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበዛል። አሁን በየወሩ መርፌውን እየወሰድኩ ነው፤ ጠፍጠፍ ብሏል። እኅቴ፣ አንገትሽ ከመነካቱ በፊት በጆሮሽ ቀዳዳ፣ በክትባት ቦታሽ ወይም በሌላ ቁስልሽ ላይ እንደዚህ ዓይነት ነገር ወጥቶብሽ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

ሲስተር ከስድስት ኪሎ፦

የካዛንቺሱ ወንድማችን ልክ ነህ፤ እኔም ያንን ቃሏን ዘልዬዋለሁ። በክፍላችን ውስጥ ሕመም ሲባል መጻፍ፣ ማፈር ሲባል ዝም ማለት ለምደን ነበር።

አንድ ልዩነት ብቻ ላክል። ኬሎይድ ከመጀመሪያው ቁስል ድንበር አልፎ ጤነኛውን ቆዳ እየወረረ ይሄዳል፤ ከቃጠሎ በኋላ የሚያብጠው ብዙው ጠባሳ ግን በድንበሩ ውስጥ ይቆይና በአንድ፣ በአንድ ዓመት ተኩል እየረገበ ይመጣል። የእኅታችን ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሆነው ሊረግብ የሚችለው ረግቧል። መልክን በተመለከተ ደግሞ አንድ የምንጠነቀቅለት ነገር አለ፤ ሌላ ሰው የማያየውን ጉድለት ቀኑን ሙሉ በመስተዋት የሚፈልግ፣ በእርሱም ምክንያት ከቤት የማይወጣ ሰው በቀዶ ጥገና አይረካም፣ የሚያስፈልገው የአእምሮ ሐኪም ነው። የእርሷ እንደዚያ አይደለም። የሚታይ ነገር ነው ያላት፣ የምትፈልገውንም ታውቃለች።

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ያልመለስኩት ሪፈር ሳጽፍና ቀጠሮ ስጠብቅ ስለ ነበር ነው። ሲስተር፣ እንደ ነገሩኝ የጤና ጣቢያው ሐኪም አንገቴ እንደማይቀና በግልጽ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት፤ መጀመሪያ «ጠባሳ» ብሎ ጽፎ ነበር፣ ሰርዞ እንደ ገና ጻፈው።

ሐኪሟ ሴት ናት። ነጠላዬን አውልቄ የቻልኩትን ያህል ቀና እንድል አደረገችኝና ከአገጬ እስከ ደረቴ አጥንት ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለካችው፤ አፌን ከፍቼ፣ ገጥሜም ደገመችው። ከዚያ የጀርባዬንና የቀኝ አንገቴን ቆዳ በጣቶቿ ቆንጥጣ ምን ያህል እንደሚነሣ አየች። በመጨረሻ «ምን ማድረግ እንድትችዪ ነው የምትፈልጊው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ስለ መልኬ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «በጠርሙስ ውኃ መጠጣት» ነው። ካርዱ ላይ ጻፈችው። ቀጥላ «ሌላስ?» አለች፤ ያን ጊዜ ስለ ከንፈሬም፣ ስለ ፎቶውም፣ ስለ ነጠላውም ነገርኳት። እርሱንም ጻፈችው።

የወሰነችው ጠባሳውን ለቅቆ ከጭኔ ወፈር ያለ ቆዳ መትከል ነው። ከንፈሬ ወደ ቦታው እንደሚመለስ፣ አንገቴ ግን ቀለሙ እንደሚለያይና ዙሪያው መስመር እንደሚታይ በግልጽ ነገረችኝ። የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ የጆሮዬን ቀዳዳም አሳይቻታለሁ፤ አላበጠም። የሰመመን ባለሙያውም ለብቻው አይቶኝ ምላሴን አስወጥቶ፣ አፌን አስከፍቶ፣ መጀመሪያ በቦታ ማደንዘዣ እንደሚጀምሩ አስረዳኝ። ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሁዳዴን እናቴ ትጾማለች፣ እኔ በንስሐ አባቴ ፈቃድ እንቁላል እበላለሁ።

እናቴ አብራኝ ገብታ ነበር። ሐኪሟ የቃጠሎዬን ታሪክ ስትሞላ «ልብሱን ያጠፋላት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ዝም አለች፤ ቆይታ «እኔ ነኝ» አለችና ቀኝ እጇን ዘርግታ መዳፏን አሳየች። በዚያ መዳፍ ላይ ጠባሳ እንዳለ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ሐኪሟ የእናቴን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸውና ትንሿ ጣት እንደማትቀና አየች። ለእርሷም ካርድ እንድናወጣ ነግራናለች፤ እናቴ ግን «ለእኔ ደግሞ ምን ያደርጋል?» እያለች ነው። ስለ ፕላስቲኩ መጠየቋን አልረሳችም፤ መልሱን ስትሰማ ሳቀች።

አሁን የቀረችኝ ጥያቄ አንድ ናት። ትራሴን ትቼ ጥቅልል ጋቢ ከትከሻዬ ሥር አድርጌ መተኛት ከጀመርኩ ሦስት ሌሊት ሆኖኛል፤ ያንን የምለምደው ይመስለኛል። የሚያሳስበኝ የአንገት ድጋፉን አስሬ ወደ ሥራ የምመለስበት ጊዜ ነው። ድጋፉን እንዳሰረ ከአራት ኪሎ እስከ ብሔራዊ ቴአትር በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው ካለ፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ነው የሚሻለው ወይስ ከኋላ?